እጅህ የገባ ሁሉ ያንተ አይደለም

ልጄ፣ ድርጅት ልታቋቁም መነሣትህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ጉልበቱም ሐሳቡም አለህ። ችኮላህን ግን አውቀዋለሁ፤ ስለዚህ በንግድ ላይ በኖርኩበት ዘመን ያየሁትን ልንገርህ። ረጋ ብለህ አንብበው።

1. የሽርክናውን ውል ገና ስትዋደዱ ጻፉት። ማን ስንት እንዳዋጣ፣ ማን ምን እንደሚሠራ፣ ትርፉ እንዴት እንደሚከፈል፣ አንዱ ልውጣ ቢል ድርሻው በምን እንደሚገመት ሁሉም ይስፈር። «በእኛ መሀል ወረቀት ምን ያደርጋል» የሚልህ ጓደኛ ክፉ ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ሸሪኮች ሲጣሉ ያየሁት ሲከስሩ ብቻ አይደለም፤ ይበልጡን ገንዘብ መግባት ሲጀምር ነው። የምታምነው ሰው ካጣህ ደግሞ ብቻህን ጀምር። በ1952ቱ የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልግ ስለነበር፣ ብዙ ነጋዴ የዘመድ ስም ተውሶ ይመዘገብ ነበር። ያ ለስም ብቻ የገባ ሰው ሲሞት ወራሾቹ ድርሻ ይጠይቃሉ። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ግን አንድ ሰው ለብቻው እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ስለዚህ ቁጥር ለመሙላት ብለህ ማንንም አታስገባ።

2. የድርጅቱን ኪስ ከራስህ ኪስ ለይ። በድርጅቱ ስም የባንክ ሒሳብ ክፈት፣ ለራስህም ደመወዝ ቁረጥ። ዕቁብህን፣ የሠርግ ስጦታህን፣ የእናትህን መድኃኒት ከደመወዝህ ክፈል። ሕጉ ኃላፊነትህን የወሰነልህ ድርጅቱ ሲከስር ቤትህ እንዳይነካ ብሎ ነው። ገንዘቡን አንተው ካደባለቅኸው አበዳሪ ደጅህ ድረስ ሊመጣብህ ይችላል። በዚያ ላይ ትርፍና ኪሳራህን መቼም አታውቀውም።

3. የሌላ ሰው ገንዘብ ላይ አትተኛ። ለቫት ተመዝግበህ ከደንበኛ የሰበሰብከው 15 በመቶ የመንግሥት ነው። ከሠራተኛህ ደመወዝ ለጡረታ የምትቆርጠው 7 በመቶ የእሱ የእርጅና እንጀራ ነው፤ አንተም 11 በመቶ ትጨምርበታለህ። «ለሳምንት ልጠቀምበት» ብሎ የጀመረ ሰው ወር ያሳልፋል፣ ከዚያ ወለድና ቅጣት ይከተላል። ይህ ገንዘብ በገባ ቀን ለይተህ አስቀምጠው።

4. ዋጋ ስታወጣ የገዛህበትን ብቻ ሳይሆን መልሰህ የምትገዛበትንም አስላ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ ዕቃ በአሮጌው ስሌት ሸጦ ያተረፈ የመሰለው ሰው ያንኑ ዕቃ ሊተካ ሲሄድ ገንዘቡ አልበቃውም። ካፒታሉን በትርፍ ስም በልቶት ነበር። ይህን ስልህ ግን ዕቃ ደብቀህ ሰው አስጨንቅ ማለቴ አይደለም፤ ያን የሚያደርግ ደንበኛ አይበረክትለትም።

5. ዱቤ ያለ ቀንና ያለ ፊርማ አትስጥ። ሲወስድ ወዳጅ፣ ሲጠየቅ ባዕድ ነው። ለዘመድ ከሆነ፣ ሳይመለስ ቢቀር የማያሳዝንህን ያህል ብቻ ስጥ።

6. የሠራተኛህን ደመወዝ በቀኑ ክፈል። ከአንተ ምሳ በፊት የእሱ የቤት ኪራይ ይቀድማል። ሽያጭ ቀዝቅዞ የሚዘገይ ከሆነ ወሩ ሳያልቅ አንተው ቀርበህ ንገረው፣ የምትከፍልበትንም ቀን ቁረጥለት። ስልክህን አጥፍተህ አትጥፋበት፤ የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ የሚጠብቀው ከእሱ ነው።