ስለ ፈሳሽ ነገር መስፈርያ

ልጆች ሆይ፤ ውሃና ወተት፥ ዘይትም የራሳቸው መልክ የላቸውም፤ በገቡበት ዕቃ መልክ ይቆማሉ። በብርሌ ቢቀዱ ይረዝማሉ፥ በገበቴ ቢፈስሱ ይሰፋሉ፤ ብዛታቸው ግን ያው ነው። ስለዚህ ፈሳሽን በዓይኑ ብቻ የሚያመዛዝን ሰው ብዙ ጊዜ ይታለላል።

ለዚህ ነገር ምስክር እንዲሆኑን ሁለት የቆርቆሮ ሣጥኖች እናስብ። የአንደኛው ርዝመቱም ወርዱም ከፍታውም 10 ሳንቲሜትር ነው። የሁለተኛው ከፍታ 30 ሳንቲሜትር ሲሆን፥ ርዝመቱና ወርዱ ግን እያንዳንዱ 5 ሳንቲሜትር ነው። ምረጡ ቢባሉ ብዙ ልጆች ረጅሙን ይወስዳሉ። ነገር ግን 10 በ10፥ ደግሞም በ10 ቢባዛ 1,000 ኩብ ሳንቲሜትር ይሆናል፤ ይህም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1795 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር የተደነገገው ሊትር ነው። ረጅሙ 5 በ5 በ30 ቢባዛ 750 ብቻ ይሆናል። በከፍታው ሦስት እጥፍ ሆኖ ሳለ፥ በሚይዘው ግን በሩብ ሊትር ያንሳል።

ማባዛት የማያውቅ ሰውም ይህን እውነት ያገኘዋል። አንደኛውን ዕቃ እስከ አፉ ሞልቶ ወደ ሁለተኛው ይገልብጠው፤ ሞልቶ ቢፈስስ የፊተኛው ይበልጣል፥ ሳይሞላ ቢቀር የኋለኛው ይበልጣል። ወተት ከሆነ አረፋው እስኪወርድ ይታገሥ፤ የአረፋ ሆዱ አየር ነውና። ዕቃዎቹ ሦስት ሲሆኑ እንስራው ከማሰሮው፥ ማሰሮውም ከቅሉ ቢበልጥ፥ እንስራውን ከቅሉ ጋራ ማስተያየት አያስፈልግም፤ ማሰሮው በሁለቱ መካከል ዳኛ ሆኖ ፈርዷል።

በገበያ ዘይት የሚሸጥ ሰው ጣሳውን እስከ አፉ ሲሞላ ሁሉ ያያል። የጣሳው መቀመጫ ተቀጥቅጦ ወደ ውስጥ መግባቱን ግን ማንም አያይም፤ ዘይቱ ይሸፍነዋልና። እንዲህ ያለው ጣሳ ከዐሥር እጅ አንዱን ቢያጎድል፥ ዐሥር ጊዜ ያስሰፈረች ድኻ ሴት የዐሥር ጣሳ ዋጋ ከፍላ የዘጠኝ ጣሳ ዘይት ይዛ ትገባለች። ሌባ በሌሊት ይመጣል ይባላል፤ ይህኛው ግን በጠራራ ፀሐይ፥ ባለገንዘቧ እያየች ይሰርቃል። መስፈርያው ትክክል የሆነ የሊትር ጠርሙስ በቤቷ ቢኖር፥ የገዛችውን በዚያ መልሳ ሰፍራ ጕድለቱን በገለጠችው ነበር።

አሁን እናንተ መልሱ። በአንድ ጣሳ ውሃ ቢሰፈር ገንቦው 14፥ ማሰሮው 9፥ ቅሉ 4 ጣሳ ያዘ። ጣሳው ያ የጎደለው ጣሳ ቢሆን፥ የዕቃዎቹ ተራ ይለወጣልን? ወይስ የሚለወጠው ቍጥሩ ብቻ ነው? መልሳችሁን በውሃ ፈትኑት።