ብርኩማ

ምንባብ፦ የሚከተለውን በጥሞና አንብቡ።

ብርኩማ ከእንጨት የሚሠራ የራስ ማስደገፊያ ነው። በኢታንግ ወረዳ፣ በባሮ ወንዝ አካባቢ ከሚኖሩት ብሔረሰቦች አንዱ የሆነው ኑዌር ብርኩማን ከአንድ ወጥ እንጨት ይሠራል። ሠሪው ተፈጥሮ ያበጀችውን ባላ መርጦ ይቆርጣል፤ ቅርንጫፎቹ እግር፣ ግንዱ መደገፊያ ይሆናሉ። ባለቤቱ ቀን ይቀመጥበታል፤ ማታ ይንተራሰዋል፤ ከብቱን ተከትሎ ሲሄድም ይዞት ይጓዛል። በደቡብ ኦሞ ደግሞ የሐመር ወንዶች የተሠራ ጠጉራቸው እንዳይበላሽ ብርኩማ ይንተራሳሉ። ብርኩማው በጥጥ ትራስ ሲተካ ግን የአሠራሩ ጥበብ ብቻ ሳይሆን ስሙም አብሮ ይረሳል።

መልመጃ

1. «ይንተራሰዋል» የሚለው ግሥ በምንባቡ ውስጥ ከሚገኘው ከየትኛው ስም ጋር ይዛመዳል?

2. በአካባቢያችሁ ከሚሠሩት የእንጨት ዕቃዎች አንዱን ምረጡ። ስሙን ከአረጋውያን ጠይቃችሁ፣ አሠራሩንና ጥቅሙን በቅደም ተከተል በአንድ አንቀጽ ግለጹ።