ሥራው የማን ነው? ከታላቋ ማንቸስተር የምናገኘው ትምህርት



የፕሮጀክት ጣቢያዎቻችንን ስንጎበኝ ደጋግመን የምናገኘው አንድ ችግር አለ። የመንደሩ የውሃ ፓምፕ ተበላሽቷል። የውሃ ኮሚቴው ጥገናውን ከወረዳው ይጠብቃል፤ ወረዳው ከእርዳታ ድርጅቱ ይጠብቃል፤ ድርጅቱ ደግሞ «ፓምፑን ለኮሚቴው አስረክበናል» ይላል። ሦስቱም ቅን ሰዎች ናቸው። ሆኖም ውሃው አይወርድም፤ እናቶችም እንደ ቀድሞው እንስራቸውን አዝለው ወደ ወንዝ ይወርዳሉ።

ይህ ችግር በድህነትና በዕውቀት ማነስ ብቻ የሚመጣ እንዳይመስለን በዚህ ጥናት ወደ አንድ ሀብታም አገር እንሄዳለን። በእንግሊዝ አገር የታላቋ ማንቸስተር ከንቲባ በሦስት ጉዳዮች ላይ፣ ማለትም በመጓጓዣ፣ በአደጋ ጊዜ አገልግሎትና በቤት የለሾች ጉዳይ ላይ የሠሩትን እንመለከታለን። ዓላማችን አንድን ባለሥልጣን ማወደስ ወይም መንቀፍ አይደለም፤ የተሳካውንም ያልተሳካውንም አይተን ለየራሳችን ሥራ ትምህርት ለማግኘት ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. አሥር ምክር ቤቶች፣ አንድ ከንቲባ

ታላቋ ማንቸስተር አንድ ከተማ ብቻ አይደለችም። በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ተጎራብተው የሚገኙ አሥር አስተዳደሮች ስብስብ ናት። እነርሱም ማንቸስተር፣ ሳልፎርድ፣ ቦልተን፣ ቤሪ፣ ኦልድሃም፣ ሮችዴል፣ ስቶክፖርት፣ ቴምሳይድ፣ ትራፎርድና ዊጋን ናቸው። ከ2 ሚሊዮን 800 ሺህ በላይ ሕዝብ ይኖርባታል። እያንዳንዱ አስተዳደር የራሱ ምክር ቤት አለው። ሰው ግን በቦልተን አድሮ በማንቸስተር ይሠራል፤ በኦልድሃም ተወልዶ በሮችዴል ይታከማል። የሕዝቡ ኑሮ ወሰን አያውቅም፤ የአስተዳደሩ ሥራ ግን በወሰን ተከፋፍሎ ኖረ።

አሥሩ ምክር ቤቶች በ2011 አንድ የጋራ ባለሥልጣን አቋቋሙ። በሜይ 4 ቀን 2017 ደግሞ ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ አንድ የክልል ከንቲባ መረጠ። የተመረጡት ቀደም ሲል የአገሪቱ የጤና ሚኒስትር የነበሩት ሚስተር አንዲ በርናም ነበሩ። በ2021 እና በ2024 ዳግመኛ ተመርጠዋል። ለከንቲባው የተሰጠው ሥልጣን ፖሊስንና የእሳት አደጋ አገልግሎትን መቆጣጠርን፣ እንዲሁም የመጓጓዣን ሥራ ይጨምራል። አምቡላንስ ግን በብሔራዊው የጤና አገልግሎት ሥር ቀረ፤ የድጎማ ሕግም በለንደን ባለው መንግሥት እጅ ነው። ይህን ልዩነት ልብ እንበል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

2. መንገድ፦ አውቶቡሱ የማን ነው?

በኦክቶበር 1986 ከለንደን በስተቀር በእንግሊዝ ከተሞች የአውቶቡስ ሥራ ለግል ኩባንያዎች ነጻ ተለቀቀ። ኩባንያዎቹ መስመሩንም፣ ሰዓቱንም፣ ዋጋውንም ራሳቸው ይወስኑ ጀመር። ውድድሩ ዋጋ ይቀንሳል፣ አገልግሎትም ያሻሽላል ተብሎ ታስቦ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ትርፍ በሚገኝበት ጎዳና ላይ አውቶቡሶች እርስ በርስ ተጨናነቁ፤ ትርፍ በሌለበት ሰፈር ግን ሰው ቆሞ ቀረ። የአንዱ ኩባንያ ቲኬት በሌላው አውቶቡስ አይሠራም ነበር። በለንደን ተሳፋሪው 1 ፓውንድ ከ50 ፔንስ ከፍሎ ሲሄድ፣ በማንቸስተር ለአጭር ጉዞ እስከ 4 ፓውንድ የሚከፍል ሰው ነበር።

ይህን ሸክም በይበልጥ የተሸከመው ማን ነው? መኪና የሌለው ነው። ሌሊት ቢሮ የምታጸዳው ሴት፣ ወደ ሐኪም የሚሄዱት አዛውንት፣ ሥራ ፈላጊው ወጣት ናቸው። አውቶቡስ ባልመጣ ቁጥር ቅሬታቸውን ለማን ያቅርቡ? ምክር ቤቱ «የኩባንያው ነው» ይላል፤ ኩባንያውም «መስመሩ አያዋጣም» ይላል። የእኛን የውሃ ፓምፕ ታሪክ አይመስልምን?

በ2017 የወጣው የአውቶቡስ አገልግሎት ሕግ ለክልል ከንቲባዎች አዲስ መንገድ ከፈተ። ይኸውም ሕዝባዊው ባለሥልጣን መስመሩን፣ ሰዓቱንና ዋጋውን ይወስናል፤ ኩባንያዎች ደግሞ ተጫርተው በውል ያሽከረክራሉ ማለት ነው። ሚስተር በርናም ይህን መንገድ የመረጡት በማርች 2021 ነው። ሁለት ኩባንያዎች ውሳኔውን በመቃወም ፍርድ ቤት ቢከስሱም በ2022 ተረቱ።

ለውጡ በአንድ ቀን አልተደረገም። በሴፕቴምበር 24 ቀን 2023 በቦልተን፣ በዊጋንና በአቅራቢያቸው ተጀመረ። በማርች 24 ቀን 2024 ወደ ኦልድሃምና ሮችዴል ተስፋፋ፤ በጃንዋሪ 5 ቀን 2025 በቀሩት ስፍራዎች ሁሉ ተፈጸመ። አውቶቡሶቹ ቢጫ ቀለም ተቀቡ፤ አገልግሎቱም «የንብ መረብ» ተባለ። ንብ ከ1842 ጀምሮ በማንቸስተር የከተማ ዓርማ ላይ ያለች የሠራተኛነት ምልክት ናት። የአዋቂ ሰው የአንድ ጉዞ ዋጋ ከሴፕቴምበር 2022 ጀምሮ ከ2 ፓውንድ፣ የልጆች ደግሞ ከ1 ፓውንድ እንዳይበልጥ ተወሰነ። ከ16 እስከ 18 ዓመት ያሉ ወጣቶችም ከ2019 ጀምሮ በአውቶቡስ በነጻ የሚጓዙበት መታወቂያ ተሰጣቸው።

አውቶቡስ አሁንም ይዘገያል፤ ጎዳናውም ይጨናነቃል። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ አውቶቡሱ በዘገየ ጊዜ ተጠያቂው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ከንቲባው «የእኔ አይደለም» ሊሉ አይችሉም።

3. የአደጋ ሌሊት፦ ማን ይምራ?

ከንቲባው ሥራ በጀመሩ በሁለት ሳምንት ገደማ፣ በሜይ 22 ቀን 2017 ሌሊት፣ በማንቸስተር አሬና የሙዚቃ ዝግጅት አልቆ ሕዝቡ ሲወጣ አንድ አጥፍቶ ጠፊ ቦምብ አፈነዳ። 22 ሰዎች ሞቱ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቆሰሉ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ልጆችና ወጣቶች ነበሩ፤ ልጆቻቸውን ሊወስዱ የመጡ ወላጆችም ነበሩባቸው።

በዚያ ሌሊት ብዙ ሰዎች በድፍረት ረድተዋል። ይሁን እንጂ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ወደ ስፍራው የደረሱት ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተው ነው። ከስፍራው ብዙ ባልራቀ ጣቢያ የነበሩት ፍንዳታውን በጆሯቸው ሰምተዋል፤ ለመሄድም ጓጉተው ነበር። ነገር ግን ተኳሽ አለ የሚል ስጋት ስለነበረ ወደ ሌላ ራቅ ያለ ጣቢያ ሄደው እንዲጠብቁ ታዘዙ። የፖሊሱ ተረኛ አዛዥ በሥራ ብዛት ተዋጠ፤ ስልኩም አልገኝ አለ። ፖሊስ፣ አምቡላንስና እሳት አደጋ በአንድ ቦታ ተገናኝተው እንዲመካከሩ የሚያዝ ደንብ ነበራቸው፤ በዚያ ሌሊት ግን አልተገናኙም። በመጀመሪያዎቹ 40 ደቂቃዎች ቁስለኞቹ በወደቁበት አዳራሽ የነበረው የአምቡላንስ ባለሙያ አንድ ብቻ ነበር። ቃሬዛ ስላልነበረ ቁስለኞች በማስታወቂያ ሰሌዳና በብረት አጥር ላይ ተጭነው ወጡ።

ከንቲባው የሆነው ነገር በነጻ ሰዎች እንዲመረመር አደረጉ፤ ምርመራውን ሎርድ ከርስሌክ መሩት። ሪፖርቱ በማርች 2018 ለሕዝብ ወጣ። ከንቲባው ከሚቆጣጠሩት አገልግሎቶች አንዱ ክፉኛ የተወቀሰበት ሪፖርት ነበር፤ ቢሆንም አልተደበቀም። ከዚያ በኋላ በዳኛ የተመራው ትልቁ የመንግሥት ምርመራ በኖቬምበር 2022 ስለ አደጋ ጊዜው እርዳታ ውጤቱን አወጣ። ከ22ቱ ሟቾች አንዱ ተገቢው እርዳታ በጊዜው ቢደርስለት ኖሮ በሕይወት ይተርፍ እንደነበር ይገመታል ሲል ደመደመ። ስለ ሌላዋ፣ ገና ስምንት ዓመቷ ስለነበረች ሕፃን፣ ጠባብ ዕድል ነበራት አለ። ልብ የሚነካው ደግሞ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በተደረገ የአደጋ ልምምድ ላይ የተረኛው አዛዥ ሥራ ከአቅም በላይ እንደሚሆን ታይቶ ነበር። ችግሩ ታየ፤ ተጻፈም፤ የሚያስተካክለው ሰው ግን አልተገኘም።

ተቆጣጣሪ መኖሩም ብቻውን አያድንም። በዲሴምበር 2020 የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች የታላቋ ማንቸስተር ፖሊስ በአንድ ዓመት ውስጥ 80 ሺህ ያህል ወንጀሎችን ሳይመዘግብ እንደቀረ ገለጹ። ይህ ከተፈጸሙት ከአምስቱ አንዱ ማለት ነው። ጠባቂው የፖሊስ ኃላፊው ብቻ አልነበሩም፤ ፖሊስን እንዲቆጣጠሩ የተመረጡት ከንቲባም ተወቀሱ። ኃላፊው ለቀቁ፤ በ2021 አዲስ ኃላፊ ተሾሙ፤ ፖሊሱም በ2022 ከልዩ ክትትል ወጣ። እንግዲህ የሥራ ባለቤት መሆን ማለት ምስጋናውን ብቻ ሳይሆን ወቀሳውንም መቀበል ነው።

4. መኝታ፦ ዛሬ ማታ የት ያድራሉ?

በእንግሊዝ ሕግ ምክር ቤት ቤት አጥቶ ለመጣ ሁሉ ማደሪያ የመስጠት ግዴታ የለበትም። ልጆች ያሏቸው፣ ነፍሰ ጡሮች፣ በሕመም ወይም በሌላ ምክንያት የተጎዱ ቅድሚያ አላቸው። ብቻውን ያለ ጤነኛ ጎልማሳ ግን ብዙ ጊዜ ምክር ተሰጥቶት ይሰናበታል። ብርዱ ከዜሮ በታች ሲወርድ የሚከፈት የአደጋ ጊዜ መጠለያ ነበር፤ ብርዱ ትንሽ ቀለል ሲል ግን ይዘጋል። ሰው በዜሮ ዲግሪ ይድናል፣ በሁለት ዲግሪ ግን በድንጋይ ላይ ይተኛል እንደ ማለት ነው።

ሚስተር በርናም ሲመረጡ ጎዳና ላይ ማደርን እስከ 2020 አጠፋለሁ ብለው ቃል ገቡ። ከደመወዛቸው 15 በመቶውን ለቤት የለሾች ገንዘብ ሰጡ። በ2018 መጨረሻ «በየሌሊቱ አንድ አልጋ» የተባለው ሥራ ተጀመረ። ዓላማው በስሙ ላይ አለ፤ አየሩ ቢበርድም ባይበርድም፣ ጎዳና ላይ ለሚያድር ሰው ሁሉ በየሌሊቱ አልጋ፣ ምግብና የሚረዳው ሰው እንዲያገኝ ነው። በስደተኛነቱ ምክንያት የመንግሥት ድጎማ የተከለከለውም ሰው አልተገለለም። ምክር ቤቶች፣ የጤና አገልግሎት፣ በጎ አድራጎት ድርጅቶችና አብያተ ክርስቲያናት በየፊናቸው ተካፈሉ። ከዚህም ጋር በ2019 ሌላ ሙከራ ተጀመረ፤ ለብዙ ዓመት በጎዳና ለኖረ ሰው «መጠጥ ስትተው ቤት እንሰጥሃለን» ከማለት ይልቅ አስቀድሞ ቤት ሰጥቶ በቤቱ ሆኖ መርዳት ነው።

ቃሉ ተፈጸመን? አልተፈጸመም። 2020 ደረሰ፤ ጎዳና ላይ የሚያድር ሰው ግን ነበረ። ይሁን እንጂ በየዓመቱ መጸው በአንድ ሌሊት የሚደረገው ቆጠራ በ2017 268 ሰዎች እንደነበሩ አሳይቶ በ2021 ወደ 89 ወርዷል። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ እንደገና ጨመረ። የቤት ኪራይ ንሯል፤ የኪራይ ድጎማው ከኪራዩ ጋር አልተራመደም፤ ጥገኝነት የተፈቀደላቸው ስደተኞችም ከመንግሥት ማደሪያ በአጭር ጊዜ ማስጠንቀቂያ እንዲወጡ ይደረጋሉ። እነዚህ ነገሮች በከንቲባው እጅ አይደሉም። አልጋ ሰውን ከብርድ ያድነዋል፤ ቤት ግን አይሆነውም።

አንዳንዱ «የማይፈጸም ቃል ከመግባት ዝምታ ይሻላል» ይል ይሆናል። እኛ ግን እንዲህ እናያለን። ቃሉ ቁጥርና ቀን ስለነበረው ጉድለቱ ታወቀ። ከ268 ወደ 89 የወረደው ልዩነትም ወረቀት ላይ ያለ አኃዝ ብቻ አይደለም፤ ስም ያላቸው፣ እናት የወለደቻቸው ሰዎች ናቸው።

5. ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ ሥራ በመጨረሻ የሚጠየቅ አንድ ሰው ይኑር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን፤ እውነት ነው። ነገር ግን ሃምሳው ሎሚ በትክክል መድረሱን የሚቆጥር ካልኖረ በየመንገዱ ይወድቃል።

ሁለተኛ፣ ድክመታችንን ልምምዱ ሲያሳየን ያኔውኑ እናስተካክል። በሪፖርት ተጽፎ በመሳቢያ የተቀመጠ ስህተት በአደጋው ቀን ተመልሶ ይመጣል።

ሦስተኛ፣ ለደጋፊዎቻችንና ለምእመናን የምንገባው ቃል ቁጥርና ቀን ይኑረው፤ ቁጥሩ ሲከፋም እንንገራቸው።

አራተኛ፣ ሥልጣናችን የት እንደሚያልቅ እንወቅ። ከእጃችን ውጭ ያለውን ከእጁ ላለው ሰው በግልጽ እንንገር፤ በእጃችን ያለውን ግን በዚያ እያመካኘን አንተው።

ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

ሀ. በጉባኤያችሁ ወይም በፕሮጀክታችሁ «የሌላው ሥራ ነው» እየተባለ የቆመ ሥራ አለን? ባለቤቱ ማን ይሁን?

ለ. ዛሬ ሌሊት እሳት ወይም ጎርፍ ቢደርስ በመጀመሪያ ማን ለማን ይደውላል? የት ትገናኛላችሁ? ይህን ተለማምዳችሁታልን?

ሐ. ባለፈው ዓመት ከገባችሁት ቃል የትኛው ተፈጸመ? የትኛው ቀረ? ለሕዝቡስ ነገራችሁትን?

መ. በሰፈራችሁ ዛሬ ማታ ማደሪያ የሌለው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁን? የማታውቁ ከሆነ በዚህ ሳምንት ከመቁጠር ጀምሩ።