ሁለት ድርጅት በአንድ መድረክ፤ የጃፓን ሴቶች የጥንድ ትግልና የግጭት አሠራር

በቴአትር ትምህርት ክፍላችን ስለ ግጭት ስንማር የሚነሱት ምሳሌዎች ሁልጊዜ ከተጻፉ ተውኔቶች የተወሰዱ ናቸው። አንዱ ገጸ ባሕሪ አንድ ነገር ይፈልጋል፣ ሌላው ይከለክለዋል፣ ነገሩ እየተካረረ ይሄዳል። እኔ በዚህ ጽሑፍ ምሳሌዬን የማመጣው ቃለ ተውኔት ከሌለበት መድረክ፣ ከጃፓን የሴቶች ሙያዊ ትግል ነው። ‹‹ሬስሊንግ ደግሞ የውሸት አይደለም እንዴ?›› የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አዎ፣ አሸናፊው አስቀድሞ ይወሰናል። ግን ሃምሌት እንደሚሞት እያወቅንም ትኬት ቆርጠን እንገባለን እኮ! የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ በስምምነት የተዘጋጀ ግጥሚያ እንዴት ሆኖ ነው የእውነት ጠብ መስሎ አዳራሽ ሙሉ ሰው ከመቀመጫው የሚያስነሳው?

ለጥያቄው የመረጥኩት እ.ኤ.አ. ኅዳር 26 ቀን 1992 በካዋሳኪ ከተማ የተካሄደውን የጥንድ ግጥሚያ ነው። በአንድ ወገን ማናሚ ቶዮታና ቶሺዮ ያማዳ፣ በሌላው ወገን ዳይናማይት ካንሳይና ማዩሚ ኦዛኪ። የፊተኞቹ የ‹‹ዜንጆ›› ልጆች ናቸው፤ የኋለኞቹ ደግሞ የጄ.ደብልዩ.ፒ.።

እዚህ ላይ ስለ ሁለቱ ድርጅቶች ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ዜንጆ (ሙሉ ስሙ የመላው ጃፓን የሴቶች ሙያዊ ትግል ማለት ነው) በ1968 በማትሱናጋ ወንድማማቾች የተቋቋመ አንጋፋ ድርጅት ነበር። ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ለወጣት ታጋዮች መጠጥ፣ ሲጋራና ወንድ ክልክል ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ወደ 26 ሲጠጋም ጡረታ መውጣት ልማድ ነበር። በ1980ዎቹ ‹‹ክራሽ ጋልስ›› የተባሉት ጥንድ፣ ቺጉሳ ናጋዮና ላየነስ አሱካ፣ በቴሌቪዥን የተነሳ የልጃገረዶች ጣዖት ሆነው አዳራሹን በተማሪዎች ጩኸት ሞልተውት ነበር። ሁለቱ በ1989 ሲሰናበቱ ግን ተመልካቹም አብሮ ሳሳ። ጄ.ደብልዩ.ፒ. በበኩሉ በ1986 ከተመሠረተውና በ1992 መጀመሪያ ላይ ለሁለት ከተሰነጠቀው የጃፓን የሴቶች ትግል ድርጅት የወጣ አንድ ክፋይ ነው። ድሃ፣ ትንሽ፣ ገና ስም ያላወጣ። እንግዲህ አንዱ ተመልካቹ ሸሽቶታል፣ ሌላው ገና ተመልካች ይፈልጋል። ሁለቱም ችግር ላይ ባይሆኑ ኖሮ አንድ መድረክ ላይ የሚገናኙ አይመስለኝም።

ነገሩ የሚከብደው ግን ከዚህ በኋላ ነው። በአንድ ድርጅት ውስጥ ሽንፈት የሥራ ጉዳይ ነው፤ ዛሬ የተሸነፈችው በሚቀጥለው ወር ታሸንፋለች። በሁለት ድርጅቶች መካከል ሲሆን ግን ተሸናፊዋ ብቻዋን አትወድቅም፤ የድርጅቱ ስም፣ የነገ ትኬት ሽያጭ፣ እቤት የቀሩት ባልደረቦቿ ሁሉ አብረዋት ይወድቃሉ። ስለዚህ ማንም ባለቤት ኮከቡን በሌላ ሰው መድረክ ላይ ማስረገጥ አይፈልግም። ውጤቱ ‹‹የውሸት›› ቢሆንም ኪሳራው የእውነት ነው። የዚህ ዓይነት ግጥሚያ ሙቀት ምንጩ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ተመልካቹም ይህን ያውቃል። አንድ ርግጫ ትንሽ ጠንከር ብላ ስታርፍ፣ ‹‹ይቺስ ስምምነቱን ያለፈች አይደለችም?›› ብሎ ይጠረጥራል። ያ ጥርጣሬ ለደራሲው ትልቅ ሀብት ነው።

ታዲያ ሁለቱም ወገን ሳይዋረድ እንዴት ይጨረስ? መልሱ በግጥሚያው ቅርጽ ውስጥ አለ። አንደኛ፣ ግጥሚያው ከሦስት ዙር ሁለቱን ላሸነፈ ነው። ይህ ማለት ተሸናፊውም ቢሆን አንድ ዙር አሸንፎ፣ የባላጋራውን ትከሻ ሦስት እስኪቆጠር መሬት አስነክቶ ወደ ቤቱ መሄድ ይችላል። ሁለተኛ፣ ጥንድ ስለሆነ ሽንፈቱ በአንዷ ትከሻ ላይ ብቻ ያርፋል፤ ጓደኛዋ ‹‹እኔን ግን አልነኩኝም›› ለማለት አፍ አላት። ደራሲው ይህን ቅርጽ የመረጠው ለውበት ብቻ አይመስለኝም፤ ለድርድርም ይመቻል።

የጥንድ ትግልን ሕግ ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ከየወገኑ አንዷ ብቻ ትታገላለች፤ ሌላዋ ከገመዱ ውጭ፣ ማዕዘኗ ላይ ቆማ እጅ ለእጅ እስክትነካካ ትጠብቃለች። ጓደኛዋ ተይዛ ዳኛው መቁጠር ሲጀምር ግን ዘልላ ገብታ ቆጠራውን ማቋረጧ የተለመደ ነው፤ የጃፓን ዳኞችም ለዚህ ብዙም አይቆጡም። እንዲህ ሲሆን እያንዳንዱ ቆጠራ ሁለት ጥያቄ ይይዛል። አንዱ የተያዘችው ራሷ ትነሳለች ወይ? ሌላው ደግሞ ጓደኛዋ ትደርስላታለች ወይ? በነጠላ ትግል የመጀመሪያው ብቻ ነው ያለው። ሁለተኛው ጥያቄ ነው ነገሩን ከጉልበት ወደ ታማኝነት የሚወስደው።

ስለ ታማኝነት ካነሳሁ አይቀር፣ ቶዮታና ያማዳ ከዚያ ግጥሚያ ሦስት ወር በፊት፣ ነሐሴ 15 ቀን 1992፣ እርስ በርሳቸው ተጋጥመው ነበር። ውርርዱ ፀጉር ነው፤ የተሸነፈች ትላጫለች። ቶዮታ አሸነፈች፤ አሸንፋ ግን የጓደኛዋን ፀጉር መቆረጥ ለማስቆም ታገለች፣ የራሷንም ልትቆርጥ ሞከረች። እንግዲህ በኅዳር ጎን ለጎን ሲቆሙ የያማዳ አጭር ፀጉር ራሱ ብዙ ይናገራል። ተጽፎ የተሰጠ ቃለ ተውኔት እንኳ ይህን ያህል የሚሠራ አይመስለኝም።

የአራቱ አመራረጥም የታሰበበት ነው። ቶዮታ ፈጣን፣ ትንፋሽ የማያልቅባት፣ ከገመድ ጫፍ ወደ ኋላ ተገልብጣ የምትወርድ። ኦዛኪ ትንሽ ሰውነት ያላት ግን ተንኮል የማያንሳት። ያማዳና ካንሳይ ደግሞ ሁለቱም በርግጫ የሚታወቁ ናቸው፤ ፊት ለፊት ሲቆሙ ‹‹የማናችን እግር ነው የሚበልጠው?›› የሚለው ጥያቄ ያለ አስተዋዋቂ ይገባሃል። ካንሳይ ከአራቱ ጠንካራዋ ናት፤ ተጋጣሚዋን እጆቿን ይዛ ወደ ላይ አንስታ ቁጭ እያለች መድረኩ ላይ ስትጥላት (‹‹ስፕላሽ ማውንቴን›› ይሉታል) የጄ.ደብልዩ.ፒ.ን ድህነት የሚያስታውስ የለም። ግጥሚያው ወደ 40 ደቂቃ ይዘልቃል። እውነቱን ለመናገር መካከሉ ላይ አንዳንድ ቦታ ረዝሞብኛል፤ አንዱ ትልቅ ውርወራ በቅጡ ሳይሰማን ሌላው ይከተላል። በእኔ አመለካከት የቶዮታ ድክመትም ይኸው ነው፤ ለማረፍ አትሰጥም።

ካዋሳኪ ላይ ያሸነፉት ባለቤቶቹ፣ ዜንጆዎች ናቸው። አሜሪካዊው የትግል ጋዜጠኛ ዴቭ ሜልትዘርም ለግጥሚያው አምስት ኮከብ ሰጥቶታል። ታሪኩ ግን አላለቀም። ሚያዝያ 11 ቀን 1993 በኦሳካ እንደገና ተገናኙ፤ አሁን ካንሳይና ኦዛኪ አሸንፈው የዜንጆን የጥንድ ቀበቶ ይዘው ሄዱ። ኦሳካ መሆኑን ልብ በሉ፤ ከተማዋ የካንሳይ አውራጃ ዋና ከተማ ናት፣ ታጋይዋም የምትጠራው በዚያው አውራጃ ስም ነው። የአንጋፋው ድርጅት ቀበቶ በእንግዳ ድርጅት እጅ ወደ ስምንት ወር ቆየ። ታኅሣሥ 6 ቀን 1993 በቶኪዮው ሪዮጎኩ አዳራሽ ቶዮታና ያማዳ አስመለሱት።

ሦስቱን ግጥሚያዎች በተከታታይ ላያቸው የሦስት ገቢር ተውኔት ናቸው። በመጀመሪያው ትንሹ ድርጅት ተሸንፎም ተከበረ፣ በሁለተኛው ትልቁ ተዋረደ፣ በሦስተኛው ተካካሱ። በገበያም በኩል ሥራው ሠርቷል። ኅዳር 20 ቀን 1994 ዜንጆ ሌሎቹን ድርጅቶች ጋብዞ ቶኪዮ ዶምን ለሴቶች ትግል ብቻ ተከራየ፤ 42,500 ተመልካች እንደገባ ተነገረ፤ ዝግጅቱም አሥር ሰዓት ያህል ፈጀ። ሆኖም ዜንጆ በ1997 ኪሳራ ላይ ወደቀ፣ በ2005 ተዘጋ። ጄ.ደብልዩ.ፒ.፣ ያ ትንሹ፣ እስከ 2017 ቆየ። ቶዮታም መድረኩን የተሰናበተችው በዚያው ዓመት፣ በ46 ዓመቷ ነው፤ የ26ቱን ልማድ በ20 ዓመት አልፋው።