በመፀው የሚፈልሱ አዳኝ አዕዋፍ ቆጠራ፦ በመተላለፊያ ላይ የተገኘ ቁጥር ምን ያስረዳል?

መግቢያ

በየዓመቱ መፀው ሲገባ በምሥራቅ አውሮፓና በእስያ ጫጩቶቻቸውን ሲያሳድጉ የቆዩ ንስሮች፣ ጭላቶችና ጥንብ አንሣዎች ወደ አፍሪካ ይፈልሳሉ። ከእነርሱ ብዙዎቹ በኢትዮጵያ ሰማይ ያልፋሉ፤ ሌሎቹ በጋውን በአገራችን ያሳልፋሉ። ጎጆዎቻቸው በሰፊ ምድር ላይ የተበተኑ በመሆናቸው በመራቢያ ስፍራቸው መቁጠር እጅግ አዳጋች ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች አዕዋፉ በጠባብ መተላለፊያ ሲሰበሰቡ ጠብቀው ይቆጥሯቸዋል። ይህ አጭር ጽሑፍ በዚህ መንገድ የተገኘ ቁጥር ምን እንደሚያስረዳና ምን እንደማያስረዳ ይመረምራል።

የመሰብሰቡ ምክንያት

ትላልቅ አዳኝ አዕዋፍ ረጅም ርቀት የሚጓዙት በአብዛኛው ክንፋቸውን በማርገብገብ ሳይሆን ፀሐይ ካሞቀው መሬት በሚነሣ አየር ላይ በመንሳፈፍ ነው። በሞቃቱ አየር እየዞሩ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ከዚያም ክንፋቸውን ዘርግተው ወደ ቀጣዩ ይንሸራተታሉ። በባሕር ላይ ይህ አየር ደካማ ስለሆነ የውኃው ስፋት ያነሰበትን ስፍራ ይመርጣሉ። የመንንና ጅቡቲን የሚለየው የባብ ኤል መንደብ ሰርጥ፣ ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ እንዲህ ያለ ስፍራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 መፀው በጅቡቲ በኩል በተደረገ ቆጠራ ከ246,000 በላይ አዳኝ አዕዋፍ ተመዝግበዋል፤ ከእነዚህም ከ76,000 በላይ የሚሆኑት የስቴፕ ንስሮች ነበሩ።

የአቆጣጠሩ ሥርዓት

የመተላለፊያ ቆጠራ ሁለት ዐበይት ስሕተቶች ያሰጉታል፦ አንዱን ወፍ ደጋግሞ መቁጠርና ያለፈውን አለማየት። በጆርጂያ በባቱሚ አጠገብ ከእ.ኤ.አ. 2008 ጀምሮ በሚካሄደው ቆጠራ ሁለት ጣቢያዎች ይሠራሉ። ቆጣሪዎቹ የሚመዘግቡት በሐሳብ የተሰመረውን መስመር ያለፈውን ወፍ ብቻ ሲሆን፣ በሁለቱም ጣቢያዎች የታየው መንጋ ሁለት ጊዜ እንዳይገባ እርስ በርስ ይነጋገራሉ።

ሳይታይ ያለፈውን ለመገመት ደግሞ ሁለት ቆጣሪዎች ሳይነጋገሩ አንዱን ሰማይ እንዲመለከቱ ማድረግ ይቻላል። ለምሳሌ አንደኛው 80 መንጋ፣ ሁለተኛው 70 መንጋ ቢያዩ፣ ሁለቱም ያዩት 56 ቢሆን፣ ግምቱ 80 በ70 ተባዝቶ ለ56 ሲካፈል 100 ይሆናል። በአንድነት ያዩት 94 ስለሆነ ስድስት መንጋ ከሁለቱም ዐይን አምልጧል ማለት ነው። ሆኖም እጅግ ከፍ ብሎ የሚበር መንጋ ለሁለቱም እኩል ስለሚሰወር ግምቱ ከእውነተኛው ቁጥር ሊያንስ ይችላል።

የቁጥሩ ትርጓሜ

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ቁጥሩ ሲቀንስ የሚነሣው ነው። በእስራኤል በኤላት እ.ኤ.አ. በ1985 የጸደይ ወራት ወደ 75,000 የሚጠጉ የስቴፕ ንስሮች ተቆጥረው ነበር፤ በኋላ የተገኙት ቁጥሮች ግን እጅግ ያነሱ ናቸው። ይህ ብቻውን የዝርያውን መመናመን አያረጋግጥም፤ ነፋስ መንገዳቸውን ሊያስቀይር ወይም የቆጠራው ቀናት ሊያንሱ ይችላሉና። በሳተላይት የተከታተሉ ጥናቶች እንዳሳዩት የስቴፕ ንስር በመፀው በባብ ኤል መንደብ ገብቶ በጸደይ በሱዌዝ በኩል ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ የአንዱን ስፍራ ቁጥር ከሌላው ስፍራ ጋር ማመሳከር የግድ ነው። ከመራቢያ ስፍራዎች የተገኘው ማስረጃም መመናመኑን በመደገፉ ዝርያው እ.ኤ.አ. በ2015 ለመጥፋት ከተቃረቡት መካከል ተመድቧል።

ዕድሜን ለይቶ መመዝገብም ትርጓሜውን ያጠራዋል። የዓመቱ የስቴፕ ንስር ጫጩት ከክንፉ ሥር ባለው ሰፊ ነጭ መስመር ይለያል። የጫጩቶች ድርሻ ለዓመታት ካነሰ ችግሩን በመራባት ላይ መፈለግ ይገባል፤ ድርሻው ሳይቀንስ ጠቅላላው ቁጥር ከወረደ ግን የጎልማሶቹ ሞት መጠርጠር አለበት።

ለአገራችን ጥናት ያለው ፋይዳ

አዕዋፉ ሰርጡን ከተሻገሩ በኋላ ስለሚበተኑ በባብ ኤል መንደብ የሚሠራበትን ዘዴ እንዳለ ወደ አፋር ወይም ወደ ስምጥ ሸለቆ ማምጣት አይቻልም። በእነዚህ ስፍራዎች የሚሻለው በተወሰነ መንገድ እየተጓዙ መቁጠር፣ እንዲሁም ማታ በሚያድሩባቸው ዛፎችና የኤሌክትሪክ ምሰሶዎች ላይ መመዝገብ ነው። በምሰሶዎቹ ሥር የሚገኘውን በድን መቁጠርም ከዚሁ ጋር መያያዝ አለበት፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ለትላልቅ አዕዋፍ አንዱ የሞት ምክንያት ነውና።

ማጠቃለያ

የመተላለፊያ ቁጥር የአዕዋፉ ጠቅላላ ብዛት ሳይሆን በተወሰነ ስፍራ፣ በተወሰነ ጥረት የታየው መጠን ነው። ስለዚህ የቆጠራው ሰዓት፣ የቆጣሪዎቹ ብዛትና የነፋሱ ሁኔታ ከቁጥሩ ጋር መመዝገብ ይኖርባቸዋል። ይህ ካልሆነ ከዓመታት በኋላ የሚመጣው ተመራማሪ የቀነሱት ንስሮች ይሁኑ ወይም ቆጣሪዎች ለመለየት አይችልም።