የሃይማኖት ጸሐፊ ሥራውን በምን ይቈጥራል?

ገበሬ አዝመራውን በሰበሰበ ጊዜ ነዶውን ይቈጥራል። ነጋዴም ዓመቱ ሲያልቅ ሒሳቡን ይመረምራል። እንደዚሁም ስለ ሃይማኖት የሚጽፍ ሰው መቶኛውን ጽሑፍ በፈጸመ ጊዜ፥ ወይም በሥራው ዐሥር ዓመት በሞላው ጊዜ፥ ጥቂት ቆም ብሎ የመጣበትን መንገድ መመልከቱ የተገባ ነው። ነገር ግን የጸሐፊ ፍሬ እንደ ነዶ በዓይን አይታይም፤ እንደ ብርም በእጅ አይቈጠርም። እንግዲህ ሥራውን በምን ይለካዋል? ይህን ከቅዱስ ፍራንሷ ደ ሳል ታሪክ መማር ይቻላል።

ቅዱስ ፍራንሷ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1567 ዓ.ም. በሳቮያ አገር ተወለደ፤ የተወለደበትም ስፍራ ዛሬ በፈረንሳይ ግዛት ውስጥ ይገኛል። አባቱ ባለ ርስትና ባለ ማዕረግ ስለ ነበረ፥ ልጁ በዓለም ሥራ ታላቅ ሰው እንዲሆንለት ይመኝ ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያ በፓሪስ፥ ኋላም በኢጣሊያ አገር በፓዱዋ ከተማ አስተማረው። ፍራንሷም በ1591 በሕግ ትምህርት የዶክቶርነት ማዕረግ ተቀበለ። ልቡ ግን ወደ እግዚአብሔር አገልግሎት ያዘነበለ ነበርና በ1593 ቅስና ተቀበለ።

በዚያ ዘመን ከሌማን ሐይቅ በስተደቡብ ሻብሌ የሚባል አገር ነበረ። በዚያ የሚኖሩት ሰዎች ከ1536 በኋላ የፕሮቴስታንትን ትምህርት ተቀብለው ነበር። ኤጲስ ቆጶሱ ወደዚያ የሚሄድ ካህን በፈለገ ጊዜ፥ መንገዱ የሚያስፈራ ቢሆንም ፍራንሷ «እኔ እሄዳለሁ» ብሎ ተነሣ። አባቱ ስለ ልጁ ሕይወት ፈርቶ አሳቡን አልወደደለትም። እርሱ ግን በ1594 በመስከረም ወር ከዘመዱ ከቄስ ሉዊ ጋራ ጕዞውን ጀመረ።

ሌሊት አሊንዥ በሚባል ምሽግ ያድር ነበር፤ ጧትም ቶኖን ወደምትባለው ከተማ ወርዶ ይሰብክ ነበር። በበረዶ ወራት በጫካ መካከል መሽቶበት፥ ተኵላ እንዳይበላው በዛፍ ላይ ወጥቶ፥ እንቅልፍ እንዳይጥለው ራሱን ከግንዱ ጋራ አስሮ እንዳደረ ይነገራል። ይህን ያህል ደክሞ በደረሰ ጊዜ ግን የሚሰሙት እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። አንዳንዱ ጠልቶት፥ አንዳንዱም ጎረቤቱን ፈርቶ ይሸሸው ነበር። ወራት አለፉ፤ የሰሚዎቹም ቍጥር አልበዛም።

ሰው በዚህ ጊዜ ተስፋ ይቈርጣል። ፍራንሷ ግን ሰዎቹ ወደ ስብከቱ ካልመጡ፥ ስብከቱ ወደ እነርሱ የሚሄድበትን መንገድ ፈለገ። በ1595 መጀመሪያ የሃይማኖቱን ትምህርት በትንንሽ ወረቀት ይጽፍ ጀመር። ወረቀቶቹም እየተገለበጡ አንዳንዱ በደጅ ሥር ይገባ ነበር፤ አንዳንዱም ሰው በሚያልፍበት አደባባይ በግድግዳ ላይ ይለጠፍ ነበር።

ይህ ነገር ታላቅ ጥበብ ነው። ወደ ካህኑ ሲሄድ መታየትን የሚፈራ ሰው በቤቱ ሆኖ፥ ደጁን ዘግቶ ወረቀቱን ያነባልና። ወረቀት አይጮኽም፤ አይቸኵልም። ያልገባውን ነገር አንባቢው ደግሞ ደጋግሞ ይመለከተዋል። ጸሐፊውም በበኩሉ ይጠነቀቃል፤ የተናገረውን ነፋስ ይወስደዋል፥ የጻፈውን ግን ሰው ሁሉ ይዞ ይመረምረዋልና። አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ስለዚህ ነው።

በ1598 በቶኖን ታላቅ በዓል በተደረገ ጊዜ ብዙ ሰዎች ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ተመለሱ። ነገር ግን ይህ ሁሉ የወረቀቶቹ ፍሬ ብቻ ነው ማለት አይገባም፤ የሳቮያ መስፍን ሥልጣንም በነገሩ ገብቶበት ነበርና። ትእዛዝ ፈርቶ የተመለሰውንና በልቡ አምኖ የተመለሰውን ለይቶ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። እንግዲህ ቅዱስ ፍራንሷ እንኳ የጽሑፉን ፍሬ በሰው ብዛት ሊለካው አይችልም ነበር።

ከዚህ በኋላ በ1602 የጄኔቭ ኤጲስ ቆጶስ ሆነ። ሥራው ቢበዛበትም መጻፍን አልተወም። በዓለም እየኖረች እግዚአብሔርን ለማገልገል ለምትፈልግ ለአንዲት ሴት ምክር ይጽፍላት ነበር። ይህም ምክር ተሰብስቦና ተስተካክሎ በ1609 መጽሐፍ ሆኖ ታተመ፤ ወደ ብዙ ቋንቋም ተተረጐመ። ለአንዲት ነፍስ የተጻፈው ለብዙዎች ተረፈ።

እነዚያ የሻብሌ ወረቀቶች ግን መጽሐፍ ሆነው የታተሙት በ1672 ነው። ቅዱስ ፍራንሷ በ1622 ዐርፎ ነበርና ከሞተ 50 ዓመት አልፎት ነበር። በብርድና በድካም የጻፋቸውን እነዚያን ወረቀቶች በአንድ መጽሐፍ ተሰብስበው ሳያያቸው ሄደ። በ1923 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ስለ ሃይማኖት ለሚጽፉ ካቶሊካውያን ሁሉ ጠባቂ እንዲሆን ሰየሙት።

ዛሬ ጽሑፍ በዓይን ቅጽበት ከአገር ወደ አገር ይደርሳል፤ ስንት ሰው እንደ ተመለከተውም ወዲያው ይታወቃል። ይሁን እንጂ ያ ቍጥር ምን ያህል ሰው እንዳየው ይናገራል እንጂ፥ የማን ልብ እንደ ተጽናና አይናገርም። ስለዚህ መቶኛውን ጽሑፍ የፈጸመ ጸሐፊ እግዚአብሔርን አመስግኖ ይደሰት፤ ራሱን ግን ሦስት ነገር ይጠይቅ። የጻፍሁት እውነት ነውን? የጻፍሁት በፍቅር ነውን? ለሌላው የጻፍሁትን እኔ ራሴ አደርገዋለሁን? ለእነዚህ ጥያቄዎች ሳያፍር መልስ የሚሰጥ ሰው፥ አንባቢው አንድ ብቻ ቢሆን እንኳ በከንቱ አልደከመም።

ፊደል የሚማር ልጅም ይህን ያስብ። ዛሬ በጭንቅ የሚጽፋት አንዲት መስመር ነገ ለታመመ ወዳጁ ማጽናኛ፥ ለራቀች እናቱም ደስታ ልትሆን ትችላለች። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል።