የተበደለ ልጅ ሲናገር

ከትምህርተ ክርስቶስ በኋላ አንዲት ልጅ ወደ ኋላ ቀርታ ከዘመድ ወይም ከጎረቤት የደረሰባትን በደል በተቆራረጠ ቃል ብትነግረን ምን እናድርግ? አስቀድመን እንስማት፤ መርማሪ ግን አንሁን። «ለማንም አልናገርም» ብለንም ቃል አንግባ፤ የንስሐን ምሥጢር የሚጠብቀው ካህን እንጂ ካቴኪስት አይደለምና።

በደሉ የቅርብ ከሆነ ጊዜው አጭር ነው። ኤች አይ ቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ስለዚህ ገላዋና ልብሷ ሳይታጠብ ወደ ሐኪም ትወሰድ።

በልማዳችን ነገሩ ቶሎ ወደ ሽማግሌ ይሄዳል። ሽምግልና በድንበርና በብድር ጠብ ብዙ ቤት ያዳነ ሥርዓት ነው። በዚህ ጉዳይ ግን ካሣ የሚያስታርቀው ቤተሰብን ከቤተሰብ ነው፤ ሕፃኒቱ ከበዳይዋ ጋር በአንድ ሠፈር ትቀራለች። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 626 እና 627 ድርጊቱን ወንጀል ብሎታልና ሽማግሌ የሚምረው ዕዳ አይደለም።

ሌላው ሕመም ልጅቱ ያንኑ ታሪክ ለእናቷ፣ ለመምህሯ፣ ለፖሊስ፣ ለሐኪም ደጋግማ መናገሯ ነው። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የተቋቋመው ማዕከል ሕክምናን፣ የሥነ ልቦና ምክርን፣ ፖሊስንና ዐቃቤ ሕግን በአንድ ቦታ ያገናኘው ይህን ለማቃለል ነው። ለሕፃናት ምቹ በሆነው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ችሎትም ልጅ በተለየ ክፍል ሆኖ ይናገራል፤ ዳኞቹ በቴሌቪዥን መስኮት ይከታተሉታል፤ ከተከሳሹ ጋር ፊት ለፊት አይገናኝም።

እንዲህ ያለ ማዕከል በሌለበት ቁምስና ጤና ጣቢያውን፣ ፖሊሱንና የወረዳውን የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት የሚያውቅ አንድ የታመነ ሰው ቀድሞ ይመረጥና ከልጅቱ ጋር ከቦታ ቦታ ይሂድ። ተከሳሹ የቁምስናው አገልጋይ ቢሆንም መንገዱ አይለወጥም። እንዲያውም ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጡት ደንብ በካህናት የሚፈጸም በደልን የሰማ ካህን ወይም ገዳማዊ ለቤተ ክርስቲያን ባለሥልጣን እንዲያሳውቅ ያስገድዳል።

ብዙ እናቶች ግን ዝም የሚሉት ሕጉን ባለማወቅ ብቻ አይደለም። በዳዩ የቤቱ እንጀራ አምጪ ሲሆን እርሱ ከታሰረ ልጆቹን ማን ያበላል? የቤት ኪራዩን ማን ይከፍላል? በዚህ ላይ ስብከት አይረዳም። ለሐዘንተኛ ቤት ምግብ የሚያደርስ ዕድር ለዚህችም ቤት ስሟን ሳያነሣ የጥቂት ወራት እህልና ወደ ፍርድ ቤት መመላለሻ ገንዘብ ሊችል ይገባዋል። ምክንያቱን ሊቀ መንበሩና ገንዘብ ያዡ ብቻ ቢያውቁት ይበቃል።

ልጅቱ ወደ ክፍል ስትመለስም በቀድሞ ቦታዋ ትቀመጥ፤ ስለ ነገሩ በጓደኞቿ ፊት ማንም አይጠይቃት።